እንሽላሊት ቆጠራ፦ ሦስተኛ ወር

ከየካ አባዶ ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ እንሽላሊት መቁጠር ከጀመርኩ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። መስከረም ላይ የጻፍኩላችሁን ግማሹን ብትረሱልኝ ደስ ይለኛል።

ያኔ ነገሩ ሁሉ የሙቀት ጉዳይ ነበር የሚመስለኝ። ፀሐይ ያለበትን ፈልግ፣ አበቃ። እውነትም ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የድንጋይ ካቡ ላይ እንደ እህል ተሰጥተው አገኛቸው ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን 5 ሰዓት ሳይሞላ ድራሻቸው ይጠፋል። ቴርሞሜትሬ ጥላ ውስጥ 21 ዲግሪ ነው የሚለው። 21 ዲግሪ ደግሞ ማንን ያባርራል?

መልሱ የመጣው ከዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው። እኩል እኩል ቆራርጬ፣ ውሃ አጠጥቼ፣ በትንሿ ዲጂታል ሚዛን እያንዳንዱን 20 ግራም አድርጌ አንዱን ካቡ አናት ላይ፣ አንዱን ሣር ውስጥ፣ አንዱን ደግሞ በድንጋዮቹ መሀል ካለው ስንጥቅ ወሸቅኩት። አራት ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ አናቱ ላይ ያለው ድርቆሽ ሆኗል። የሣሩ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል። የስንጥቁ እንዳለ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት! የበጋችን አየር ቀዝቀዝ ስለሚል ያታልላል እንጂ፣ ነፋሱና ድርቀቱ ተጋግዘው ውሃ ይመጥጣሉ።

«ቅርፊት አላቸው፣ ምን አገባቸው?» እል ነበር። ተሳስቻለሁ። ቤንትሊና ሽሚት ኒልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ጥናት፣ በበረሃ እንሽላሊት ላይ ሳይቀር በትነት ከሚጠፋው ውሃ አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ሳይሆን በቆዳ በኩል ሆኖ ተገኝቷል። ይባስ ብሎ ሊክትና ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1972 ቅርፊት ሳይኖረው የተፈለፈለ እባብ አግኝተው ቢለኩት ቅርፊት ካለው እምብዛም አይለይም። ለካ ውሃውን የሚያግተው በቆዳው ሽፋን ውስጥ ያለው ቅባት ነው። የደረቅ አገር ዝርያዎች ቆዳ ከጫካዎቹ የበለጠ ይቆጥባል። ሽንታቸውም ቢሆን ፈሳሽ አይደለም፤ ካቡ ላይ የምታዩት የኩሱ ነጭ ጫፍ እሱ ነው። ያም ሆኖ ፀሐይ በሞቁ ቁጥር ውሃ ይከፍላሉ። ስለዚህ ጠዋት ሞቅ ሞቅ ብለው ወደ ስንጥቃቸው ይመለሳሉ።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። ጥቅምት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገልብጬ በቅጡ ሳልመልሰው ሄድኩ። በሳምንቱ ስመጣ ከሥሩ የነበረው እርጥብ አፈር ዱቄት ሆኗል፣ ሁለቱ ነዋሪዎችም የሉም። እባካችሁ ድንጋይ ስታነሱ እንደነበረው መልሱት፣ አፉ ክፍት ከቀረ ቤት አይደለም።

ትናንት ስፖንጅ እየመዘንኩ አንድ እረኛ ልጅ መጥቶ ቆመብኝ።

«ጋሼ፣ ብር ጠፋብዎት እንዴ?»

እንሽላሊት እንደምፈልግ ስነግረው ሳቀብኝ። «በበጋ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ቦኖው ጋ ነው ያሉት።»

አብሬው ወረድኩ። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር፣ በተሰነጠቀው ሲሚንቶ ውስጥ ሰባት ቆጠርኩ። ውሃውን ፈልገው ይሁን እርጥበቱ የሰበሰበውን ነፍሳት ገና አልለየሁም፤ ከሚበሉትም ውሃ ያገኛሉና። ስፖንጆቼን ነገ እዚያው አዛውራለሁ። ልጁ ሚዛኑን እኔ ካልያዝኩ ብሏል።