ጋደም ብሎ ተኛ

የቅዱስ ገብርኤል አምላክ ይመስገን። ስለቱ የእናቴ ነው። ምስክርነቱን ግን እኔ ልጻፍ፤ እሷን እንባ ይቀድማታል።

ወንድም ጋሼ የአንጎል ካንሰር ነበረበት፤ ግሊዮብላስቶማ የሚሉት ክፉው ዓይነት። ጭንቅላቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎ፣ ጨረሩንም ኪኒኑንም ጨርሶ ደህና ከረመ። በዓመቱ ወገቤን አለ። ድካም መስሎን በቅባት አሸነው። ሕመሙ ግን ሲጋደም ይብስበታል። ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ማንጋት ጀመረ። አንድ ቀን ከሽንት ቤት ሲመለስ አንዱ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ቀርቷል። እግሩ ባዶ መሆኑ አልታወቀውም። ያኔ ደነገጥን።

ኤምአርአይ ተነሣ። ዕጢው አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን በሚያዳርሰው ፈሳሽ ወርዶ ጀርባው ላይ በቅሏል፤ ነርቩን ተጭኖታል። እንዲህ መውረዱ ከስንት አንዴ ነው አሉን። ሐኪሙ አልደበቀንም። "ካንሰሩን አላጠፋውም። ከኋላ አጥንቱን ከፍቼ፣ የቻልኩትን ያህል ዕጢ አውጥቼ፣ ነርቩን ከጫናው ላላቅቀው ነው። ሕመሙ ይቀልለታል ብዬ አስባለሁ፤ ለእግሩ ቃል አልገባም" አለን።

አጎቴ "ለማይድን ነገር ምን ያስቀድደዋል?" ብሎ ተቆጣ። ወንድሜ ራሱ መለሰለት፤ "ተው ጋሼ፣ እኔ ጋደም ብዬ መተኛት አማረኝ።"

እናቴ እስከዚያ ድረስ "ማርልኝ" ነበር የምትለው። በዚያ ሌሊት ጸሎቷ ተለወጠ። "ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ ገብርኤል፣ ይህን እሳት ከወገቡ አውጣልኝ። ዣንጥላ አገባልሃለሁ።"

በኅዳር ተቀደደ። በሦስተኛው ሌሊት አስታማሚ እኔ ነበርኩ። ነርሷ በጎኑ አስተኛችው። እስኪያቃስት ጠበቅኩ። አላቃሰተም። አንኮራፋ! ለእናቴ ደውዬ ስልኩን አፉ አጠገብ ያዝኩላት። ማንኮራፋቱን እየሰማች በሌሊት እልል አለች።

ቀስ በቀስ እግሩም ታዘዘው። ታኅሣሥ 19 በአንድ እጁ ከዘራ፣ በሌላው የእኔን ትከሻ ይዞ ደጀ ሰላሙ ድረስ ሄደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ዣንጥላውን በገዛ እጁ ሰጠ።

በሚያዝያ ዐረፈ። "ታዲያ ጸሎታችሁ የት ደረሰ?" ያሉን አሉ። እናቴ የለመነችውን ተሰጥቷታል። ያ ሶፋ ከኅዳር በኋላ አላደረበትም። የሄደበት ሌሊትም በጎኑ ተኝቶ ነበር፤ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ።