አለቃዬ፣ ጋሼ እና የአዲሱ ጠመንጃ ጥይት

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ባለች ትንሽ የአደን ድርጅት ቢሮ የወረቀት ሥራ እሠራለሁ። ፈቃድ ማውጣት፣ ጉምሩክ መመላለስ፣ እንግዳ መቀበል። ለካምፓችን አንድ አዲስ ጠመንጃ ይገዛ ተብሎ ፎርሙ እኔ ጋ መጣ። «የጥይት ዓይነት» የሚለው መስመር ግን ባዶውን ከረመ።

አለቃዬና ጋሼ አልተስማሙማ! አለቃዬ ድርጅቱን ከአባቱ የተረከበ ወጣት ነው። ጋሼ ደግሞ ከአባቱ ጋር ዱር ያደሩ አንጋፋ አዳኝ ናቸው፤ አለቃዬን ዛሬም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉት።

የአለቃዬ ልብ ያረፈው ሦስት መቶ ዊንቸስተር ማግነም የሚባለው ጥይት ላይ ነው። 11.7 ግራም አረር (ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚወጣው ጫፍ) በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። የጋሼ ምርጫ ሠርቲ ኦት ሲክስ ያንኑ አረር የሚልከው በ820 ገደማ ነው።

«አቦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ በ1906 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥይት ነው!»

«አጋዘኑም የዱሮ ነው» አሉ ጋሼ።

እንግዶቻችን ቆላ ላይ አምበራይሌና ከርከሮ፣ ኮታ ሲፈቀድ ደግሞ ምዕራብ ሐረርጌ ተራራ ላይ የደጋ አጋዘን ያድናሉ። አምበራይሌ ቢበዛ መቶ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ወንዱ የደጋ አጋዘን ግን እስከ 300 ይደርሳል። ለሁሉም ሠርቲ ኦት ሲክስ ይበቃል ባይ ናቸው ጋሼ። ክርክሩ በወሬ አላልቅ ሲል አለቃዬ ከአንድ ወዳጁ ማግነሙን ለሙከራ አስመጣ።

ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ተኩስ ሜዳው ወጣን። አለቃዬ የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ተኮሰ፤ ሰደፉ ትከሻውን ሲመታው ከጎን ሆኜ አየሁ። ክፉ አልነበረም፣ ግን አረሮቹ ወረቀቱ ላይ ተበታትነዋል። ከዚያ ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተውን ጠመንጃውን አጎረሱና መልሰው ሰጡት።

አለቃዬ አነጣጠረ። ቃታውን ሳበ። ቀጭ!

ምንም አልተተኮሰም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ድፍት አለ፤ የአለቃዬ ዓይኖችም ጭፍን። ሹፌራችን ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ከሸፈ እንዴ?» አለ አለቃዬ።

ጋሼ ከጠመንጃው አንዲት ጥይት አውጥተው መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት። ጎኗ የተበሳ፣ ባሩድ የሌላት የልምምድ ጥይት ናት። «ጠመንጃው አልነካህም። ማን ገፋህ ታዲያ?»

የማግነሙ ርግጫ ከሠርቲ ኦት ሲክሱ በሲሶ ገደማ ይበልጣል። ተኳሹ ምቱን ሲጠብቅ ሰውነቱ ቀድሞ ይደነግጣል፤ ድምፁ ስላለ ግን ማንም አያስተውለውም። የካምፕ ጠመንጃ ደግሞ የሚይዘው የራሱን ያላመጣ እንግዳ ነው፤ ጠመንጃውን ተኩሶበት የማያውቅ ሰው። እንግዳው እንስሳውን አቁስሎ ቢያመልጠው በእኛ ውል እንደገደለ ይከፍላል። ጭቅጭቁን ግን የምሰማው እኔ ነኝ!

በጋሼ ሠርቲ ኦት ሲክስ ያው ተንኮል ተደገመ። አፈሙዙ ትንሽ ነቅነቅ አለ፣ ያ ብቻ። ለነገሩ አለቃዬ አሁን ነቅቷል፤ ጋሼም ይህን አልካዱም። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ተጠጋግተው ነበር።

ስንመለስ አለቃዬ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የያዘው ኤም ዋን ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ጥይት ነው፤ ታዲያ የወታደር ጥይት ፈልገን ለምን ወጪ አንቀንስም? ጋሼ መኪናው ውስጥ ዘወር አሉ። የወታደር አረር ጫፉ ድረስ በብረት የተሸፈነ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በስቶ ያልፋል፣ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል። ለአደን የሚሆነው ጫፉ ላይ እርሳሱ የሚታየው፣ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚከፈተው ነው። ዋጋው ይለያያል፣ ግን እዚህ ላይ መቆጠብ አይቻልም።

ሰኞ ጠዋት መስመሩን ሞላሁት። አለቃዬ ሳይጠየቅ ከትዕዛዙ ላይ የልምምድ ጥይት አስጨመረ። አሁን እንግዳ ካምፕ ሲገባ ጋሼ ከእውነተኛዎቹ መሃል ሳይናገሩ አንዷን ያጎርሳሉ፤ አፈሙዙ ድፍት ካለ የዚያን ቀን አደን የለም፣ ልምምድ ነው።