በቁና ወይስ በሚዛን? የማዕከላዊ አሜሪካ ቡና ማስታወሻ

ከብራዚል ቡና ወደ ማዕከላዊ አሜሪካው ስንሻገር ቀድሞ የሚያደናግረው ጣዕሙ ሳይሆን መስፈሪያው ነው። እዚያ «ኪንታል» ማለት የእኛ 100 ኪሎ ኩንታል አይደለም፤ 46 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው። የጓቲማላ መላኪያ ጆንያ 69 ኪሎ ይይዛል፣ የእኛው ደግሞ 60። ዋጋ ስታነጻጽሩ ሁሉንም ወደ ኪሎ ካልመለሳችሁ ሒሳቡ ከመነሻው ይበላሻል።

ኮስታ ሪካ ውስጥ እሸቱ የሚሰፈረው በቁና ነው። ቁናው ካሁዌላ ይባላል፤ 20 ሊትር ይይዛል። 20 ካሁዌላ አንድ ፋኔጋ ይሆናል፤ አንድ ፋኔጋ እሸት ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ ወደ 46 ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል። ስለዚህ ከአንድ ካሁዌላ የሚገኘው 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። ሲቆላ 15 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ 2 ኪሎ አይሞላም፤ ለስኒ 15 ግራም ብንይዝ 130 ስኒ ያህል። ሕጉ ለለቃሚው ያስቀመጠው ዝቅተኛ ክፍያ በካሁዌላ ከ2 ዶላር ብዙም አይርቅም። ከለቃሚዎቹ ብዙዎቹ ከኒካራጓ የሚመጡ፣ ወይም ከፓናማ ቤተሰባቸውን ይዘው ድንበር የሚሻገሩ የንጎቤ ቡግሌ ተወላጆች ናቸው።

ቁናው ጣዕሙንም ይወስናል። ቀይ ፍሬ ብቻ ለመልቀም አንዱ ዛፍ ጋ ከ3 እስከ 5 ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ዙር የበሰለው ፍሬ ጥቂት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተለፍቶም ቁናው ቶሎ አይሞላም። ባለእርሻው ለእነዚያ ዙሮች ክፍያ ካልጨመረ ወይም በቀን ሒሳብ ካልከፈለ እጅ አረንጓዴውንም አብሮ ይጠርጋል፤ በለቃሚው መፍረድ ይከብዳል። ጉዱ የሚወጣው ምጣድ ላይ ነው፤ ሌላው ሲጠቁር ገርጥተው የሚቀሩ ፍሬዎች ይታያሉ፣ ሲቀመሱም የደረቀ የኦቾሎኒ ገለባ ይመስላሉ። በልዩ ቡና (ስፔሻሊቲ በሚባለው ከፍተኛ ደረጃ) መስፈርት ከ100 ግራም የተቆላ ቡና ውስጥ አንድም ገርጣ መኖር የለበትም። ከመፍጨታችሁ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ልቀሙት።

ጓቲማላ ላይ ነገሩ በሚዛን ነው። የተለመደው የለቀማ ጆንያ 100 ፓውንድ (45 ኪሎ ገደማ) እሸት ይይዛል፤ ከዚያ የሚገኘው ጥሬ ቡና ከ8 እስከ 9 ኪሎ ነው። እዚህ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው ሚዛኑ ራሱ ነው፤ ጥቂት ፓውንድ ቢያጎድል የሚጎዳው ለቃሚው ብቻ ነው። ሁለተኛው መዝገቡ ነው፤ ሚስትና ልጆች የለቀሙት በአባወራው ስም ይመዘናል። «አንድ ለቃሚ በቀን 200 ፓውንድ» የሚል ወረቀት ሲደርሳችሁ የስንት ሰው እጅ እንደሆነ ጠይቁ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር የልጆች ጉልበት አለባቸው ብሎ በሚዘረዝራቸው ምርቶች ውስጥ የጓቲማላና የሆንዱራስ ቡና ይገኛሉ። ነገሩ ሥር አለው፦ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የጓቲማላ የሥራ ፈቶች ሕግ በቂ መሬት የሌለውን ገበሬ በዓመት ከ100 እስከ 150 ቀን ተቀጥሮ እንዲሠራ ያስገድድ ነበር።

ወደ ጣዕሙ እንምጣ። የጓቲማላው አንቲጓ በእሳተ ገሞራዎች መካከል፣ 1,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ያለ ሸለቆ ነው፤ ቀላሉ የእሳተ ገሞራ አፈር እርጥበት ይይዛል፣ ቡናውም ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል። ሌላው የጓቲማላ ቡና አብቃይ አካባቢ ዌዌቴናንጎ ግን እሳተ ገሞራ የለውም፣ መሬቱ የኖራ ድንጋይ ነው። ከሜክሲኮው የቴዋንቴፔክ ሜዳ የሚነፍሰው ሞቃት ነፋስ ውርጩን ስለሚከላከል ቡናው እስከ 2,000 ሜትር ይወጣል፤ ኮምጣጣነቱም ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ነው። «እጅግ ጠንካራ ፍሬ» (SHB) የሚለው የከፍታ ማዕረግ ግን አያታላችሁ፤ ጓቲማላ ከ1,350 ሜትር ወዲያ ላለው ይሰጠዋል፣ ኮስታ ሪካ ከ1,200 ጀምሮ። ስለዚህ ሜትሩን ራሱን ጠይቁ።

ፓካማራ የተባለውን የኤል ሳልቫዶር የቡና ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቆላ ሰው ብዙውን ጊዜ ያሳርረዋል። ፍሬው በጣም ትልቅ ነው፤ ምጣዱ ከመጠን በላይ ከጋለ ውስጡ ሳይበስል ጫፎቹ ይጠቁራሉ። እሳቱን ቀነስ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ አንድ ሁለት ደቂቃም ጨምሩለት። የዌዌቴናንጎ ፍሬ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ተቃራኒውን ይፈልጋል፦ ከመነሻው ጠንከር ያለ እሳት።

ጌሻ የተባለውን የቡና ዝርያ ለብቻው ማየት ይሻላል። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከእኛው ጌሻ አካባቢ ተሰብስቦ በታንዛኒያ በኩል እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ቱሪያልባ ደረሰ፤ መለያው ቲ2722 ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፓናማ የተተከለው ለጣዕሙ ሳይሆን የቅጠል ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። ቅርንጫፉ ተሰባሪ፣ ምርቱም ትንሽ ስለሆነ ብዙ ገበሬ ችላ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ቦኬቴ ያለው የኤስሜራልዳ እርሻ ለብቻው ለይቶ ለውድድር አቀረበው፤ አሸንፎም ፓውንዱ በ21 ዶላር ተሸጠ። በዝቅተኛ ቦታ ሲተከል የሚታወቅበት የጃስሚን አበባ ሽታ ይደበዝዛል፣ ዋጋው ግን በስሙ ብቻ ሊቆይ ይችላል። ስትቀምሱ 8.25 ግራም የተፈጨ ቡና ለ150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ውሃው 93 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ዱቄትና አረፋ በማንኪያ ስበሩ፤ ስኒው ለብ እስኪል ሳትጠብቁ ደግሞ ፍርድ አትስጡ።