ፋሻ ሲቀየር ጆሮ ላይ ምን ይሁን?

የቃጠሎ ቁስል ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቁስሉ ይልቅ ፋሻ የሚቀየርበትን ሰዓት ይፈራል። ገና ትሪው ሲቀርብ ሰውነቱ ይወጠራል፣ ትንፋሹን ይይዛል፤ ቁስሉን የሸፈነው ስስ ጨርቅ (ጋዙ) ሲነሳ ሕመሙ ይብሳል። ሕመሙን ለማቅለል የሚሰማው ሙዚቃ ከዚህ መቅደም አለበት፤ ፋሻው ከመፈታቱ 10 ደቂቃ ያህል በፊት ይከፈት። ሕመሙ ከናረ በኋላ የሚከፈት ዘፈን ጩኸት ብቻ ነው።

ምርጫው የታካሚው ነው። ከጠየቀን ግን በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው፣ ለስለስ ያለ፣ ባይዘፈንበት የሚሻል ሙዚቃ እንላለን፤ ዋሽንት ወይም ክራር። በገና የሚወድ በገናውን ይስማ። ትዝታን ግን ዝግ ያለ ነው ተብሎ ብቻ ሆድ ለባሰው ሰው አንመክርም። ሙዚቃው አስቀድሞ ስልክ ላይ ይውረድ፣ ስልኩም ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን፤ መሃል ላይ ማስታወቂያ ሲገባ በሽተኛው ደንግጦ ይወጠራል። 3 ደቂቃ ላይ የሚያልቅ አንድ ዘፈን አይበቃም፣ 30 ደቂቃ የሚሄድ ይዘጋጅ። ኢርፎኑን አንድ ጆሮ ላይ ብቻ መሰካት ይሻላል፤ ነርሷ «አሁን ላነሳው ነው» ስትል መሰማት አለባት።

ትንፋሽ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ይሳባል፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በከንፈር እስከ 6 ይወጣል። ጋዙ የሚነሳው ትንፋሹ ሲወጣ ነው። ቶሎ ቶሎ በጥልቀት የሚስብ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣቱ ይደነዝዛል፣ ራሱን ያዞረዋል፤ ያኔ መቁጠሩን ዝግ ማድረግ ነው።

ደም ሲያይ ራሱን የሚስት ሰው ሌላ ነው። የደም ግፊቱ ስለሚወርድ «ዘና በል» ማለት አይረዳውም። ጋደም ብሎ ቁስል የሌለበትን እግሩንና ክንዱን ጡንቻውን በመወጠር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያጥብቅ፣ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያላላ፣ 5 ጊዜ ይደጋግም።

በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከ70 በላይ ጥናቶችን አሰባስቦ የወጣ ትንተና፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ሙዚቃ ሲሰሙ ሕመማቸውም ጭንቀታቸውም፣ የሚወስዱት ማስታገሻም እንደቀነሰ አሳይቷል። ቀነሰ እንጂ ቀረ አላለም። የታዘዘ የሚዋጥ ፓራሲታሞል ካለ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጥ። የተጣበቀ ጋዝ በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ርሶ እስኪላቀቅ ይጠበቅ እንጂ በደረቁ አይነቀል፤ በደረቁ ሲነቀል አዲስ የበቀለውን ሥጋ ይዞ ይነሳል፣ ያንን ሕመም ደግሞ የትኛውም ሙዚቃ አይሸፍነውም።