ካሜራ ማን?

ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ጸጥ ብላለች። በጾም ሰርግ የለም። የእኔም ሥራ ከዳስ ወደ ቤት ይገባል። ከጥር የተረፈውን ቀረጻ ሀርድ ዲስክ ላይ ደርድሬ ኮምፒውተሩ ፊት እቀመጣለሁ። እናቴ መስኮቱ ሥር እንዝርቷን ይዛ ትቀመጣለች። እሷ ፈትሏን፣ እኔ ቅንብሬን። መብራት ሲሄድ እኔ አቆማለሁ፣ እሷ ትቀጥላለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ልጅ መጣች። አሥረኛ ክፍል ናት። በሩ ላይ ቆማ፣ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «እትዬ፣ ካሜራ ማን መሆን ለሴት ይከብዳል?» አለችኝ። «ይከብዳል፤ ግን ይቻላል» አልኋት። ቡና ቀምሳ ሄደች። መልሴ ግን ሌሊቱን አላስተኛኝም። እንዲህ ያለ መልስ ስለ ማንኛውም ነገር ለማንም ይሰጣል። ለእሷ ያላልሁትን ዛሬ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ። ሰርግ ቤት ስደርስ «ካሜራ ማን መጣች!» ይላሉ። «ማን» በእንግሊዝኛው ወንድ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በእኛ ቋንቋ ግን ጥያቄ ነው። ካሜራውን የያዘው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሁሉ አልተለየኝም።

ሥራውን የጀመርሁት በ2003 ዓ.ም. በአንድ ፎቶ ቤት ነው። ወንዶቹ ካሜራ ይዘው ይወጣሉ። ሴቶቹ ውስጥ እንቀራለን። አንዷ ሂሳብ ትቀበላለች፣ አንዷ አልበም ታዘጋጃለች፣ እኔ ደግሞ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ያኔ ቀረጻው በትንንሽ ካሴት ነበር የሚመጣው። የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ስለዚህ ማንም ሰው የማያየውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሦስት ዓመት የሰውን ሰርግ እንዲህ አየሁ። መኪናው ሲመጣ፣ ሚዜዎቹ ሲወርዱ፣ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ፣ ዳሱ ሲጨፍር። ጓዳው ግን የለም። ወጥ ቤቱ የለም። ሌሊቱን ሲጋግሩና ሲጠምቁ ያደሩት ሴቶች በካሴቱ ውስጥ የሉም። ካሜራው ከጓዳው በር መለስ ይላል። ወንድ ልጅ እዚያ ምን ይሠራል? ነውር ነው። ቀራጮቹን አልወቅሳቸውም። ደጃፉ ላይ ጨዋነት ነው ያቆማቸው።

ቅንብር ላይ ሴት መቀመጧ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ቆይቼ ነው ያነበብሁት። በአሜሪካ ሲኒማ መጀመሪያ ዘመን ፊልም የሚቆርጡትና የሚቀጥሉት በብዛት ሴቶች ነበሩ። ሥራው ልብስ መስፋት፣ ሹራብ መሥራት ይመስላል ተብሎ ነው። የእጅ ሥራ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣና ሥራው ክብር ሲያገኝ ወንዶች በርከት ብለው ገቡበት። ይህን ሳነብ ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። ጥጡን አባዝታ፣ ክሩ እንዳይበጠስ በጣቷ እየለካች ትፈትላለች። በውነቱ ይመሳሰላል። ንጽጽሩ አላስከፋኝም። ያስከፋኝ እንደ ፈትል ሲታይ ዋጋው ያነሰ መሆኑ ነው። አን ባውከንስ የተባለች ሴት በ1941 እ.ኤ.አ. በፊልም ቅንብር ኦስካር በመሸለም ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ስሟን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው በዙሪያዬ አላገኘሁም።

ካሜራ የያዝሁት በአጋጣሚ ነው። የጥር ሰርግ ተደራረበና አንዱ ቀራጭ ታመመ። አለቃችን ግራ ገባው። «እኔ ልሂድ» አልሁ። ጥቂት ዝም ብሎ «ስታንዱን የሚሸከምልሽ ልጅ እሰጥሻለሁ» አለኝ። ስታንዱን ራሴ ተሸከምሁ።

ሰርጉ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበር። ሙሽራዋ ተሸኝታ ስትወጣ ሕዝቡ ሁሉ ተከትሏት ወጣ። እኔም መውጣት ነበረብኝ። ግን እናቷ አልወጣችም። በጓዳው በር አየኋት። ከጠላው ጋን አጠገብ ቁጢጥ ብላ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ። ድምፅ የለም። ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ቆመው ትከሻዋን ያሻሻሉ። አንዷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ውጪ አላለችኝም። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ነገር ቀረጽሁ። ከዚያ ሮጬ መኪናው ላይ ደረስሁ።

ቪዲዮውን ሊወስዱ ሲመጡ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ትንሽ አሳየናቸው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ የሙሽራዋ አባት «እስቲ መልሱት» አሉ። ሁለት ጊዜ አስመለሱት። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋት የኖሩት ሴት ስታለቅስ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ይመስል ነበር። ከዚያ «ይህን ማን ነው ያነሣው?» ብለው ጠየቁ። አለቃችን «ቤታችን ነው ጋሼ» አለ። እኔ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርሁ። ቪዲዮው መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ የጻፍሁት ራሴ ነኝ፤ የእኔ ስም ግን የለበትም። እንድጽፍ አልተፈቀደልኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊልም መጨረሻ ሳላይ አልነሣም። ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍቶ ሲወጣ እኔ የሚወጣውን ስም እቆጥራለሁ። ሜካፕ፣ ሴት። አልባሳት፣ ሴት። ካሜራ፣ ወንድ። መብራት፣ ወንድ። አዘጋጅ፣ ወንድ። የሴት ስም ባልጠበቅሁት ቦታ ሲመጣ ልቤ ይደነግጣል፤ የደስታ ድንጋጤ ነው።

እንዲህ ነው ስሞችን የሰበሰብሁት። ትንሹ ወንድሜ ሕፃን ሳለ በኢቲቪ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ሲጀምር ከቴሌቪዥኑ አይላቀቅም ነበር። ፀሐይ ቀጭኔ ናት፣ አሻንጉሊት። እሷን የፈጠረቻት ብሩክታዊት ጥጋቡ መምህርት ነበረች። ክፍል ውስጥ የያዘቻቸው ልጆች ጥቂት መሆናቸው አሳስቧት ነው ወደ ቴሌቪዥን የሄደችው፤ ከባለቤቷ ጋር በቤታቸው ውስጥ ጀመሩት። በ2010 እ.ኤ.አ. የሮሌክስ ሽልማት አገኘች። ወንድሜ ዛሬ ጢም አብቅሏል፤ አሁንም ቀጭኔዋን ያስታውሳታል። ሣሌም መኩሪያ በአሜሪካ እያስተማረች ስለ አገራችን ዘጋቢ ፊልሞች ሠርታለች። ሄርሞን ኃይላይ ደግሞ ድርሰቱንም ዝግጅቱንም ይዛ በ2015 እ.ኤ.አ. የአንድ ታክሲ ነጂንና በሴተኛ አዳሪነት የምትኖር አንዲት ሴትን ታሪክ ለዓለም አሳይታለች።

ከእነሱ ሁሉ በፊት ግን አስናቀች ወርቁ አለች። በአገራችን መድረክ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ ነው ወደ መድረክ የወጣችው። ክራሯንም ይዛ። ያ ዘመን ሴት ተዋናይትን እንዴት እንደሚጠራት እናቶቻችን ያውቃሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ ሕይወቷ ዘጋቢ ፊልም ወጣ። ያዘጋጀችው ራሔል ሳሙኤል ናት፤ ሴት። ያንን ሳውቅ ደስ አለኝ።

በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወንድሜ ስልኬ ላይ አንድ ዜና ላከልኝ። ሬቸል ሞሪሰን የተባለች ሴት በካሜራ ሥራ ለኦስካር ታጨች፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ። ሽልማቱ ያን ጊዜ 90ኛው ነበር። «ደስ ይበልሽ» ብሎ ነው የላከው። ደስም አለኝ። 90 የሚለው ቁጥር ግን እንደ ድንጋይ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ መሣሪያ ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ የማርቆስ ልጅ ከአንድ አለቃ ጋር መከራከሯ ምን ይገርማል?

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ።

ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ሰርግ ሄድን። እኔ አንድ ካሜራ፣ አንድ ወንድ ባልደረባዬ ሌላ ካሜራ። ድግሱ ለታላቂቱ ልጅ ነው ተብሎ ነው የተዋዋልነው። ባልደረባዬ ዳሱ ውስጥ ቀረ። እኔ ሴት ስለሆንሁ ሙሽራዋ ወዳለችበት ቤት አስገቡኝ። ሁለት ሙሽሮች አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተሸፋፍነው ተቀምጠዋል። ካሜራዬን ከላይ ወደ ታች አወረድሁ። የታናሺቱ እግር መሬት አይነካም።

አጠፋሁት። ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ያቺ ልጅ የዚያን ግማሽ ብትሆን ነው። ታናሺቱን በታላቂቱ ድግስ ውስጥ ሸሽጎ መዳር በእኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም፤ ስሰማው ነው ያደግሁት። በዐይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ባልደረባዬም አላየም። እሱ ጋ የደረሰው መጋረጃውና እልልታው ነው። አንዲት ሴት ካሜራ ይዛ እዚያ ቤት ባትገባ ኖሮ፣ ያ ቀን በቪዲዮ የአንዲት ልጅ ሰርግ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወጥቼ ለአለቃችን ደወልሁ። «እኛ ቀራጭ ነን፤ ዳኛ አይደለንም» አለኝ። ካሜራውን ለባልደረባዬ አስረክቤ በእግሬ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ሰኞ ሄጄ ለሚመለከተው ቢሮ ተናገርሁ። «እናጣራለን» ተባልሁ። ሁለት ጊዜ ተመላለስሁ። ከዚያ በኋላ ልጅቱ የት እንደደረሰች አላወቅሁም። አሁንም ማታ ማታ እግሯ ይታየኛል። አንድ ሳምንት ቆይቼ ፎቶ ቤቱን ለቀቅሁ።

የዚያ የገጠር ሰርግ ዕለት ሌሊት እናቴ እንደ ሁልጊዜው ፈትል ይዛ እየጠበቀችኝ ነበር። ሰርግ ቀርጬ እስክመለስ ድረስ ተኝታ አታውቅም። ያየሁትን ነገርኋት። እንዝርቷን አስቀመጠችና «እኔ 12 ዓመቴ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያን ያህል ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ቁጥር ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

«ድፍረት» የሚለውን ፊልም ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። ስለ ጠለፋ ነው፤ ጠላፊዋን ስለገደለች ልጅና ስለ ጠበቃዋ፣ ከእውነተኛ ጉዳይ የተነሣ። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ወስዷል። ያዘጋጀው ዘረሠናይ ብርሃነ መሐሪ ወንድ ነው፤ ከአዘጋጆቹ ጀርባ ፕሮዲዩሰር ሆና የሠራችው ግን ምሕረት ማንደፍሮ ናት፤ በሙያዋ ሐኪም ናት። መጨረሻው ላይ ስሟ ሲወጣ አብሬያት የሠራሁ ያህል ተሰማኝ።

ስለዚህ የልጅቱን ጥያቄ አሁን ብመልሰው እንዲህ እላለሁ። ክብደቱ ካሜራው አይደለም። ካሜራው ከአንድ እንስራ ውኃ ይቀላል፤ እንስራ ደግሞ ተሸክመናል። የሚከብደው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ባጃጅ ማጣት ነው። ሰክሮ እጅሽን የሚይዝ ሚዜ ነው። ለወንዱ የቀን አበል ሲከፈል ላንቺ «እስቲ እናያለን» መባሉ ነው። «ባልሽ ምን ይላል?» መባሉ ነው፣ ባል ሳይኖርሽ። ሁሉንም ቆጥሬ እነግራታለሁ፤ ሳታውቅ እንድትገባበት አልፈልግም። ግን ጓዳውንም እነግራታለሁ። ማንም ያልገባበት በር ለእሷ ክፍት እንደሆነ እነግራታለሁ። ዛሬ በራሴ ካሜራ ነው የምሠራው፤ በምሠራው ሁሉ መጨረሻ ስሜ ከነአባቴ ይወጣል። ለዚያ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይህን እየጻፍሁ ሳለ ልጅቱ ተመልሳ መጣች። አላወራሁም፤ አሮጌዋን ካሜራዬን አወጣሁና እጇ ላይ አኖርሁላት። ማብሪያውን አሳየኋት። «የፈለግሽውን ቅረጪ» ብያት ቡና ልቆላ ወጣሁ።

ስመለስ እናቴ ፊት ተንበርክካለች። ካሜራው በሁለት እጇ ነው። «እማማ፣ እርስዎ ሲዳሩ በበቅሎ ነው የሄዱት?» ስትል ሰማኋት። እናቴ እንዝርቷን አላቆመችም። «በበቅሎ ነው። የበቅሎዋን ስም እስካሁን አስታውሰዋለሁ» አለችና ቀጠለች። እኔ ሰምቼው የማላውቀውን ነው የምታወራው። የወንዙን መሻገሪያ፣ አማቷ ያለበሷትን ቀሚስ ትልቅነት፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ አባቷ ቤት ለመመለስ መንገዱን ስትፈልግ እንደዋለች። የቡናውን መቁያ ይዤ በሩ ላይ ቆምሁ። ለመግባት ፈራሁ።

ሲያልቅ አብረን አየነው። እጇ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ እንዝርቷ እንኳን ይሰማል። የእናቴ ፊት ግን ጥቁር ጥላ ሆኗል።

«ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥተሻት ነው» አልኋት። «ብርሃኑ ከኋላዋ መጣ። ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ነዪ። አንቺ መስኮቱ ጋ ትቆሚያለሽ፣ እሷን ወደዚህ እናዞራታለን።»

እናቴ ጥጧን እያነሣች፣ «እንግዲያስ ነገ ንጹሕ ነጠላዬን እለብሳለሁ» አለች።