በሁዌ ቤተ መንግሥት የተሰበረው ሳህን

ዛሬ በቬትናም፣ በሁዌ ቤተ መንግሥት ግቢ፣ በእድሳት ላይ ካለ አንድ በር ሥር አንድ አዛውንት ባለሙያ እንከን የሌለበትን ሰማያዊና ነጭ የፖርሴሊን ጎድጓዳ ሳህን ሆን ብለው ሲሰብሩ አይቼ ደነገጥሁ። ከስብርባሪው ጎበጥ ያለውን መርጠው፣ ጠርዙን በጉጠት እየቆነጠሩ ካስተካከሉ በኋላ፣ ገና ባልደረቀው ልስን ላይ ለበሩ ጌጥ ከሆነው የዘንዶ ቅርጽ ሆድ ለጠፉት፤ ለካ ለቅርፊቱ የተፈለገው የሳህኑ ጉብታ ኖሯል።

ከ1802 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የንጉየን ነገሥታት መቀመጫ የነበረው ይህ ግቢ አብዛኞቹን አዳራሾቹን ያጣው በጦርነት ነው፤ በ1947 የወደመው የኪየን ትሩንግ ቤተ መንግሥትም እንደ አዲስ ተሠርቶ ለጎብኚ የተከፈተው በ2024 ነው። አንድ ጎብኚ «ይህማ አዲስ ነው» ብሎ ሲያልፍ ሰማሁ። ሙያው እስካልተቋረጠ ድረስ እኔን አዲስነቱ ብዙም አላስከፋኝም፤ ያሳሰበኝስ ከአዛውንቱ አጠገብ የሚማር ወጣት አለማየቴ ነው።