ከባሕሩ በፊት ወሩን መረጥን

ደሴ ላደግን ሰዎች የመዝናኛ ውሃ ማለት በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ነው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን፣ ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣ በልተንና እግራችንን ነክረን በማግሥቱ ወደ ሥራችን እንመለሳለን። ጨዋማውን ባሕር ከቤተሰባችን ያየው አባቴ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በወጣትነቱ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ከነተሳቢው እየነዳ በአሰብ መስመር ይመላለስ ስለነበር ነው። ዘንድሮ ልጆቼ አያታቸው ያየውን ለማየት አጥብቀው ስለጠየቁኝ፣ ለሐምሌ የሚሆነን የባሕር ዳርቻ ለመምረጥ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ።

በአባቴ ምርጫ ቢሆን ኖሮ ደብተር ባላስፈለገም ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ ያደርሳል። ከኤርትራ ጋር የሚያገናኘው የቡሬ ድንበር መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲከፈት አባቴ ለጉዞ ተነሣስቶ ነበር፤ ነገር ግን ድንበሩ በዚያው ዓመት ተመልሶ ተዘጋ።

ቀጥሎ ያሰብኩት ጅቡቲን ነው። እስከ ሚሌ መንገዱ ያው የአባቴ መንገድ ነው፤ ከዚያ በጋላፊ በኩል ይሻገራል። ከከተማዋ ወደ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በጀልባ ይኬዳል፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣዎች ሁሉ ግዙፉና ሰው የማይተናኮለው ፍጥረት ይታያል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ የሚገኘው የአሳል ሐይቅም በዚያው አገር ነው። ልወስን ጥቂት ሲቀረኝ ግን የወሩን ጉዳይ አሰብኩ። በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አቧራ የተሸከመ ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል፤ ባሕሩ ራሱ እንደ ገላ መታጠቢያ ውሃ ለብ ይላል። በዚያው ወር 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ጋቢ ደርበን የምንቀመጥ ሰዎች ልጆቻችንን ወደዚያ ሐሩር ይዘን ብንወርድ፣ ዕረፍቱ ከማቀዝቀዣ ሥር መተኛት ብቻ ይሆንብናል። ወጪውም ቀላል አይደለም፤ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ምንዛሪ የታሰረ ስለሆነ፣ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላሩ መወደድ በቀጥታ በኪሳችን ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የትኛው ባሕር ያምራል የሚለውን ጥያቄ ትቼ፣ በእኛ ክረምት ለሰው የሚመቸው የትኛው ነው ወደሚለው ዞርኩ። ትምህርት ቤት በሐምሌ ዝግ ነው፤ ባለቤቴ ግን ፍልሰታን ስለምትጾም ከነሐሴ 1 በፊት ቤታችን መመለስ አለብን። የኬንያ ጠረፍ ከዚህ አቆጣጠር ጋር ይስማማል። በሚያዝያና በግንቦት የሚወርደው ከባድ ዝናብ በሐምሌ ቀንሶ፣ «ኩሲ» ብለው የሚጠሩት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ነፋሱ ማዕበል ማስነሣቱ አይቀርም፤ ሆኖም ከሞምባሳ በስተደቡብ ባለው በዲያኒ ከዳርቻው ራቅ ብሎ የተዘረጋው የኮራል አለት የማዕበሉን ኃይል ስለሚሰብረው፣ ከአለቱ ወዲህ ያለው ውሃ ረጋ ያለ ነው። ዋና ለማይችሉ ልጆቼ ከነጩ አሸዋ ይልቅ የሚጠቅማቸው ይህ አለት ነው።

ሐይቅ ያላስተማረን ነገር ቢኖር የባሕር መሙላትና መጉደል ነው። በዚያ ጠረፍ ውሃው ለስድስት ሰዓት ያህል ይሞላል፣ ለሌላ ስድስት ሰዓት ያህል ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። ሲጎድል በእግር እስከ አለቱ አቅራቢያ መድረስ ይቻላል፤ እየሞላ ሲመጣ ግን ያው መንገድ ልጅ ያሰምጣል። በዚህም ምክንያት ቀኖቹን ጨረቃ ግማሽ ወደምትሆንበት ሰሞን አስጠጋኋቸው። በአለቱ መካከል እሾሃም ፍጥረት ስለሚኖር ለሁሉም ኮንጎ ጫማ ገዝቻለሁ፤ የክረምት ጭቃ ጫማችን ውቅያኖስ ይወርዳል ብዬ ግን ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር።

ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገንም፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ግድ ነው፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። ከተለመደው ወባ ደሴን የሚጠብቃት ከፍታዋ ስለሆነ፣ ለሞምባሳ የመከላከያ መድኃኒት ከሐኪም ጋር ተመካክረን እንወስዳለን። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ሞምባሳ በአውሮፕላን እንሄዳለን፤ ወደ ዲያኒ ከመሻገራችን በፊት አንዱን ቀን ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለሠሩት የኢየሱስ ምሽግ ሰጥቼዋለሁ።

ለአምስት ሰው የያዝኩት ቲኬት አሁን ለአራት ሆኗል። አባቴ ሐምሌንም አውሮፕላኑንም አልተቀበለም። «ጅቡቲ በጥር ይበርዳል ብለኸኛል፤ እኔ በጥር በባቲ በኩል እወርዳለሁ» ብሎኛል።